የክብር እንግዶቹ አራት እርምጃ

ጥፋቱ የኔ ነው። ማንንም ከመውቀሴ በፊት ይቺን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንንም አልምርም።

ስሜ ቱፋ ነው። በኬንያዋ ሞያሌ፣ ሄሉ በሚባል ሰፈር ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የመታወቂያ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። ከኢትዮጵያ በስደት ስመጣ ጺም አልነበረኝም። ቼዝ የተማርኩት ካምፕ ውስጥ፣ ከሳሙና በተቀረጹ ፈረሶችና ወታደሮች ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጦሩ በሙሉ አረፋ ይሆን ነበር። ዛሬ ወረቀቴ የተሟላ ነው፣ ልጆቼም እዚሁ ተወልደው በስዋሂሊ ሲሳደቡ ያምርባቸዋል። እኔ ግን ኮሚቴ ፊት ስቀርብ አሁንም ድምፄ ይቀንሳል። በስደት ያደገ ሰው ማኅተም የያዘ እጅ ሲያይ ይሽቆጠቆጣል፤ ምን ይደረግ።

ቅዳሜና እሁድ ከሱቄ ጀርባ ለልጆች ቼዝ አስተምራለሁ፤ ለዚህ ነው ሰዉ ምዋሊሙ የሚለኝ፣ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። በከተማው ሌላ የሚያስተምር ስለሌለ፣ የወጣቶች ውድድር ሲዘጋጅ አሠልጣኙም እኔ፣ ዳኛውም እኔ፣ ሰዓት ያዡም እኔ ሆንኩ። ለመጨረሻው ጨዋታ የደረሱት ሁለቱም የኔው ተማሪዎች ናቸው። "ይሄማ ጥሩ ነው፤ ለማንም አታዳላም" አሉኝ ኮሚቴዎቹ።

አንደኛዋ ኑርሀን ናት፣ የሀሊሞ ልጅ፣ ዐሥራ አራት ዓመቷ። ሀሊሞ ገበያ ውስጥ ምቱምባ ትሸጣለች፣ ከቦንዳ የሚፈታ ልባሽ ልብስ። ኑርሀን ከትምህርት ቤት መልስ መደቡ ላይ ትቆማለች፤ የትኛው ደንበኛ እንደሚገዛ፣ የትኛው ነካክቶ እንደሚሄድ ገና እጁን ሲዘረጋ ታውቀዋለች። ሁለተኛው ሀምዳን ነው፣ እኩያዋ። የአባቱ የጭነት መኪኖች ከናይሮቢ ሞያሌ ይመላለሳሉ። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ሲሸነፍ "እንደገና" ከማለት ሌላ ቃል አይወጣውም።

ሽልማቱ ዋንጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አላወራም ነበር። ናይሮቢ ያለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ለአሸናፊው እስኪጨርስ ድረስ በነፃ አስተምራለሁ ብሎ ጻፈ። ቦታው አንድ ብቻ ነው። ሀምዳን ቢያሸንፍም ቢሸነፍም አባቱ ናይሮቢ ይልከዋል፤ ሻንጣው ሳይቀር ተገዝቷል አሉ። ኑርሀን ከተሸነፈች ግን ትምህርቷ ያበቃል። ሀሊሞ ሁለት ሕፃናት አሉባት፣ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፣ መደቡ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው ያስፈልጋታል። ይሄን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ፎርም ልታስሞላ መጥታ። "ምዋሊሙ፣ ካሸነፈች ትሂድ፤ ካላሸነፈች አላህ አልጻፈላትም ማለት ነው" አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የማያዳላ ዳኛ ካለ እሱ ድንጋይ ነው። እኔ በልቤ አዳልቻለሁ።

ስምንት ወር ሙሉ አንድ አጀማመር አስጠናኋት። ቼዝ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የቤት መሠረት ማለት ናቸው፤ እነሱ ከተበላሹ ቀሪውን ጊዜ ግድግዳ ስትደግፍ ነው የምትውለው። ኑርሀን ልብስ እያጣጠፈች እንኳ ትለማመድ ነበር። ሸሚዝ ወታደር፣ ካልሲ ፈረስ እያደረገች መደቡ ላይ ስታሰልፍ ብዙ ጊዜ ደርሼባታለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከመጨረሻው ጨዋታ አንድ ሳምንት በፊት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ሻሮ ነው፣ የሀምዳን አጎት። ሁለት ጊዜ ለምርጫ ተወዳድሮ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ ነገር ግን "ምሄሺሚዋ" በሉኝ ይላል፣ በስዋሂሊ ክቡርነትዎ እንደማለት ነው። እኛም እንለዋለን፤ ቀረጥ አይከፈልበት።

"ምዋሊሙ፣ የዚህ የቼዝ መክፈቻ እንዴት ነው? ሪባን ይቆረጣል?" ብሎ ጠየቀኝ።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እኔ ግን ስልኬ ላይ ያየሁትን አዋቂ መስዬ አፈረጥኩት። "በትላልቅ ውድድሮች የመጀመሪያዋን እርምጃ የክብር እንግዳው ነው የሚያንቀሳቅሰው" አልኩ።

ሐጂ ጃልደሳ አገጫቸውን አሻሹ። ከብት ነጋዴ ናቸው፤ በእድሜም በግመልም የሚበልጣቸው ስለሌለ የክብር እንግዳው ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ የለም። "ደግ ልማድ ነው" አሉ። በዚህ ቢበቃ ምን ነበር።

"ሁለተኛዋንስ?" አለ ሻሮ።

"ሁለተኛዋ የልጁ ናት። ጥቁር የደረሰው የሀምዳን።"

"እና ነጩ በሐጂ ይከፈትና ጥቁሩ በሕፃን ይከፈት ነው የምትለው? ሰው ምን ይላል?"

ሞያሌን የማያውቅ ሰው ይሄ ቀልድ ይመስለዋል። እኛ ጋ የውሃ ጉድጓድ ኮሚቴ ሲመረጥ እንኳ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው ይቆጠራል፤ አንዱ ከተረሳ ውሃው ጨው ጨው ይላል። ስለዚህ የጥቁሩ የመጀመሪያ እርምጃ ለአቶ ሙሐረም ተሰጠ፤ ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ የሚመጡ እንግዶችን ወክሎ። ሙሐረም ዕቃ እያሻገረ የሚነግድ፣ ሲያስነጥስ እንኳ ግራና ቀኙን የሚያይ ጥንቁቅ ሰው ነው። ይሄ እንዳለቀ ማማ ፈርሂያ ከስልኳ ላይ ቀና አለች። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። "ሁለቱም ወንድ፤ እኛ ለማጨብጨብ ነው የምንመጣው?" አለች። ለሷ የነጩ ሁለተኛ እርምጃ ተሰጣት። ከዚያ የጥቁሩ ሁለተኛ ብቻ ቀረ። ሻሮ መሬት መሬት እያየ "እንግዲህ ሰው ከጠፋ እኔው እሸከመዋለሁ" አለ።

ለማዳን ሞክሬ ነበር፤ ይሄ ይመዝገብልኝ። "ክቡራን፣ እንግዶቹ ያንቀሳቀሱት ፎቶ ከተነሳ በኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ ልጆቹ ከራሳቸው ይጀምራሉ" አልኩ። ሐጂ ጃልደሳ ዞር ብለው አዩኝ።

"እኔ መርቄ ያስቀመጥኩትን የሚያነሳው ማነው?" አሉ። በቁጣ አይደለም፣ ሰውየውን ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ነው።

አነሳለሁ ያለ አልተገኘም። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አራት ኮፒ ያነሳሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ዓመት የእግር ኳስ ውድድር ሲከፈት ሻሮ ኳሷን ስቶ አየሩን መታና በጀርባው ተዘረረ። ልጆች ሳቁ። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ለጨዋታ አይመጥንም ተባለና ውድድሩ ከነጭራሹ ተሰረዘ። የዚያ ውድድር ዋንጫ እስከ ዛሬ ሻሮ ቤት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። እኛ ጋ ትልቅ ሰው አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሜዳው ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ልጆቹ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምረው አዳራሹ መሐል ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ እንግዶቹ የመጡት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ኑርሀን ከእናቷ ቦንዳ የወጣ ኮት ለብሳለች፣ ደረቱ ላይ የማናውቀው የፈረንጅ ትምህርት ቤት አርማ የተጠለፈበት። ሀምዳን ነጭ ሸሚዝ። ከበላያቸው የተሰቀለው ባነር ላይ የአራቱ እንግዶች ፎቶ አለ፤ የልጆቹ ስም ደግሞ ከታች፣ ከፒላው አብሳዮቹ ስልክ ቁጥር አጠገብ። ፒላው፣ በፍየል ሥጋ የሚሠራው ሩዝ፣ ከአዳራሹ ጀርባ በሁለት ትልልቅ ድስት ተጥዷል፤ የፍየሉ ሽታ ገና ከመጀመሪያው ንግግር ነው ሰዉን ያሸነፈው። ንግግሮቹን እዘላቸዋለሁ። አምስት ነበሩ፤ በአምስቱም ውስጥ ቼዝ የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ብቻ ሰምቻለሁ።

በመጨረሻ ሐጂ ጃልደሳ ወደ ሰሌዳው ቀረቡ። በኦሮምኛ መረቁ፣ ሰዉም "ነጋ፣ ነጋ" እያለ፣ ሰላም ሰላም ማለት ነው፣ ተቀበለ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጦሩን ቃኙ።

"ይሄ ረጅሙ ማነው?"

"ንጉሡ ነው፣ ሐጂ።"

"ፊቱ ላይ የተገተረውስ?"

"ወታደር ነው።"

"ታዲያ እንዲህ ተገትሮበት ከብቱን በየት በኩል ያያል?" አሉና ወታደሩን ሁለት ቤት ወደፊት ገፉት። በአጋጣሚ ይሄ ልክ ለኑርሀን ያስጠናኋት የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ክርስቲያን ብሆንም አልሐምዱሊላህ አልኩ።

አቶ ሙሐረም ተከተለ። ከጥቁሩ ንጉሥ ፊት ካለው ወታደር ጎን ያለውን በሁለት ጣቱ ያዘ። "ሁለት ቤት መሄድ ይችላል" ብዬ በጆሮው ብነግረው፣ "ሁለት ቢሄድ ዓይን ውስጥ ይገባል" ብሎ አንድ ቤት ብቻ አስኬደው። መጥፎ እርምጃ ነው፤ ግን የሚገድል አይደለም።

ማማ ፈርሂያ ወታደር አልነካም አለች። "እኔ በእግረኛ አልጀምርም" ብላ በግራ በኩል ያለውን ፈረስ አነሳች። ከፈረሱ ጋር አራት ፎቶ ተነሳች፣ አንዱንም አልወደደችውም፣ አምስተኛ ተነሳች። የት እንደሚያርፍ አሳየኋትና "ሴት ልጅ አጥር ትዝለል" ብላ አስቀመጠችው። ሴቶቹ እልል አሉ። ኑርሀን ፈገግ ስትል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ሻሮ ተራው ሲደርስ ማይኩን ይዞ መጣ። ሙሐረም ካንቀሳቀሰው ወታደር ቀጥሎ ያለውን አንስቶ እጁ ውስጥ እያሻሸ ስለ ድንበር ሰላም፣ ስለ ወጣቱ ትውልድ፣ ስለ መጪው ምርጫም በሾርኔ ተናገረ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ምዋሊሙ፣ ይሄ ሁለት ቤት ይሄዳል?"

"ይሄዳል፣ ምሄሺሚዋ።"

"ታዲያ አንድ አንድ የሚለው ፈሪ ነው" አለና ሙሐረምን አየት አድርጎ ወታደሩን ጧ አድርጎ አሳረፈው። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

እኔ እርምጃውን ወረቀቴ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ እጄ ቆመ። ሙሐረምና ሻሮ የገፏቸው ሁለቱ ወታደሮች የጥቁሩ ንጉሥ አጥር ነበሩ። አንዱ አንዱን ግንድ ነቀለ፣ ሌላው ሌላውን። በዚያ ላይ ሐጂ የነጭዋን ንግሥት መንገድ ከፍተውላታል። አሁን ንግሥቲቱ በሰያፍ ወደ ቀኙ ዳር ብትወጣ ጥቁሩ ንጉሥ ባለበት ያልቅለታል፤ መሸሻ የለው፣ የሚጋርደው የለው። ከቼዝ ሽንፈቶች ሁሉ አጭሩ ይሄ ነው፤ ጀማሪዎችን የማስፈራራበት። ተራው ደግሞ የኑርሀን ነው። ሀምዳን አንድም ጠጠር ሳይነካ ተሸንፏል።

"አሁን የልጆቹ ነው" ብዬ ሰዓቱን ለቀቅኩት። ድምፄ ቀጥኖ ለራሴም ተሰማኝ።

ኑርሀን እንዳየችው ወዲያው አወቅኩ፤ ጥፍሯን መንከስ አቆመች። እጇ ወደ ንግሥቲቱ ተነሳና መንገድ ላይ ቆመ። ቀና ብላ ያየችው ሰሌዳውን አይደለም፣ ሻሮን ነው። ሻሮ ከፊት መስመር ተቀምጦ የውሃ ጠርሙስ እየከፈተ እንኳን ደስ ያለህ ይቀበላል። ከዚያ እኔን አየችኝ።

እኔ እስክሪብቶዬን አየሁ።

ምክንያቱም እሷ ያሰበችውን እኔም አስቤዋለሁ። አሁን ብትገድል የተሸነፈው ሀምዳን አይደለም። የተሸነፈው ሻሮ ነው፤ ያውም በሁለት አገር ሕዝብ ፊት፣ ያውም ማይኩን ገና ሳያስቀምጥ። ከዚያ ሰሌዳው የተጣመመ ይሆናል፣ አዳራሹ አይመጥንም ይባላል፣ ውድድሩ ይሰረዛል፣ የናይሮቢው ቦታም "ለመጪው ዓመት እንይ" ይሆናል። መጪው ዓመት ላይ ኑርሀን መደብ ላይ ናት። ካልገደለች ደግሞ ሀምዳን በአንዲት እርምጃ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ዕድሉም ያልፋል። ይሄን እንዴት እንደሚፈቱት ስምንት ወር ያስተማርኳት እኔ አላውቅም ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፤ እኔ ጨንቆኝ ያደረግኩት አንገቴን መድፋት ነው።

ደቂቃዎች አለፉ። ከኋላ ሀሊሞ ቆማለች፤ ስለ ቼዝ የምታውቀው ልጇ እንደምትወደው ብቻ ነው። ልጅቷ የፈዘዘች መስሏት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እየጸለየች ነው። ማማ ፈርሂያ "ተኝታለች እንዴ?" ስትል ሰማሁ።

ኑርሀን እጇን ወደ ግራ ጥግ ወሰደችና የመጨረሻዋን ወታደር አንድ ቤት ገፋች። የማትጠቅም፣ የማትጎዳ፣ ምንም ያልሆነች እርምጃ። ሰዓቱን ተጫነች።

ጮኼ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። አንቺ ልጅ፣ አልኩ በሆዴ፣ አብደሻል? ንግሥቷን ትተሽ ጥግ ትነካኪያለሽ? ተናደድኩባት፤ እውነቱን ነው የምለው፣ በዚያች ሰዓት በሻሮ ካልተናደድኩት በላይ በሷ ተናደድኩ። እሷ ግን ቀና ብላ ሀምዳንን ትኩር ብላ እያየችው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

ሀምዳንም አይቶታል። አጎቱ ያችን ወታደር ጧ ካደረጋት ጀምሮ ጆሮዎቹ ቀልተዋል። ከአጎቱ ወታደር ወዲያ፣ ዳር ላይ ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ ቢያደርገው ቀዳዳው ይደፈናል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ለማንም ነው። እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ከወታደሩ በላይ አንዲት ጣት በምታህል ርቀት ቆሙ። በቼዝ ሕግ የነካኸውን ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው፤ አልነካም።

"በርታ" አለ ሻሮ ከፊት መስመር፣ "እኔ መንገዱን ጠርጌልሃለሁ።"

ሀምዳን እጁን ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ኑርሀንን አያት። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ወታደሯን አየ። ከዚያ በራሱ በኩል፣ ከሷ ወታደር ፊት ለፊት ያለችውን የጥግ ወታደር አንድ ቤት ገፋና ሰዓቱን ተጫነ።

ያኔ ነው የገባኝ። ልጅቷ ያለፈችው ሞኝ ሆና አይደለም። ሞያሌ ውስጥ ጥፋት ባለቤት ያስፈልገዋል፣ ትልቅ ሰው ደግሞ ባለቤት አይሆንም። ሀምዳን አንዲት ጠጠር መንካት ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የሕፃን ይሆናል፣ የሕፃን ጥፋት ደግሞ ውድድር አያሰርዝም። ለዚህ ስትል ሙሉ ዕድሜዋን ለአንዲት ተራ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። መዝጋት ይችል ነበር። ማንም አይፈርድበትም፤ ጨዋታ ነው። ሕጉን ካየነው ተጫዋቾች በዓይን መመካከር ክልክል ስለሆነ ሁለቱንም ላባርራቸው ይገባኝ ነበር። ወረቀቴ ላይ ግን ሁለት የወታደር እርምጃ ብቻ ጻፍኩ።

ኑርሀን አልቆየችም። ንግሥቲቱን ዳር ድረስ ወሰደቻትና "ማት" አለች፣ ቀስ ብላ።

ሰዓቱን አቆምኩ። "ጨዋታው አልቋል። ኑርሀን አሸንፋለች።"

"ምኑ ነው ያለቀው?" አሉ ሐጂ ጃልደሳ። "ፒላው እንኳ ገና ነው።"

ሻሮ ተነሳ። ወደ ሰሌዳው መጣና ንግሥቲቱ ከየት እንደመጣች በጣቱ ተከተለ፤ ከዳሩ ወደ ንጉሡ፣ ከንጉሡ ወደ ፈረሰው አጥር። ጣቱ እሱ የገፋት ወታደር አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ሻሮ ሞኝ አይደለም፤ ክፋቱ እሱ ነው። ማይኩ እጁ ውስጥ ነው።

"ይሄ ሰሌዳ..." ብሎ ጀመረ።

ሀምዳን ተነስቶ ቆመ። "አጎቴ፣ እኔ ነኝ" አለ። ማይኩ ቅርብ ስለነበር ድምፁ አዳራሹን ሞላው። "አንተ ጥሩ አድርገህ ከፍተኸው ነበር። እኔ መዝጋት ነበረብኝ፤ ሳላየው ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ያ ሦስት ቃል አከታትሎ የማያውቅ ልጅ ነው እንዲህ ያለው። የሻሮ ፊት ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ትከሻውን አስተካከለና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

"አያችሁ አይደል? እኔ አመቻችቼ ሰጠሁት፣ እሱ ጣለው" አለና የሀምዳንን ማጅራት በጥፊ ጠፈጠፈው። ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ግን ቀልድ አይደለም፤ ድምፁን ማይኩ ተቀብሎ አሰማን። ሰዉ ሳቀ። ሀምዳን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። ኑርሀን አልሳቀችም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ጠርዙን ይዞ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ድሉ ባለቤቶች አበዛ። ሐጂ ጃልደሳ "እኔ የከፈትኩት ወገን ነው ያሸነፈው" እያሉ እጅ ተጨበጡ፤ እጃቸው በረካ እንዳለው ድሮም ይታወቃል ተባለ። ማማ ፈርሂያ ልጅቷን ያጀገናት የሷ ፈረስ እንደሆነ ለሴቶቹ አስረዳች። ፈረሱ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም፤ ግን ማን ይናገራል። ሙሐረም ብቻ ምንም አላለም። ብልህ ሰው ነው፣ ፒላው የደረሰ መሆኑን ሊያይ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሻሮ ፈረመ፣ ማኅተም አደረገ፣ ለኑርሀን ሲሰጥ ሁለት ጊዜ ፎቶ ተነሳ። ሀሊሞ የልጇን ራስ ደረቷ ላይ ይዛ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ቆይታ ወደ ሰሌዳው መጣችና "በየትኛዋ ነው ያሸነፈችው?" ብላ ጠየቀችኝ። ንግሥቲቱን አሳየኋት። አልነካቻትም፤ ዝም ብላ አየቻት።

በሳምንቱ ሀምዳን እንደወትሮው ሱቄ መጣ። ያን ቀን ሌላ ልጅ አልነበረም። የሰው ፎቶ እየቆረጥኩ ነበር፤ መቀሱን አስቀመጥኩ።

"ለምን አልዘጋኸውም?" አልኩት።

ትከሻውን ነቀነቀ። "እኔ እኮ ብሸነፍም እሄዳለሁ" አለ።

"አጎትህ ግን ሰው ፊት መታህ።"

"ቤት ቢሆን ይብስ ነበር" አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የፎቶ ቁራጭ በጣቱ እየገፋ ቆየ። "ምዋሊሙ፣ አንተም አይተኸው ነበር አይደል? አጎቴ ሲገፋው?"

"አይቼው ነበር።"

"እሷ መጀመሪያ አንተን ነው ያየችህ" አለኝ። "እኔን ያየችኝ አንተ ስታጎነብስ ነው።"

ክፉ አስቦ አይደለም የተናገረው። ልጅ ነው፣ ያየውን ነው የነገረኝ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ዳኛ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ፣ "ክቡራን፣ ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው፣ እጃችሁን አንሱ" ማለት የነበረበት ሰው እኔ ነበርኩ፤ በኮሚቴው ቀንም፣ በቅዳሜውም። ያንን ሳልል ቀርቼ፣ ጥፊው የወረደው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ማጅራት ላይ ነው። አፍሬያለሁ። ይሄን ለሀምዳን አልነገርኩትም። ሰሌዳውን አውርጄ ዘረጋሁና ነጩን ለሱ ሰጠሁት፤ የመጀመሪያዋን እርምጃ ራሱ እስኪያንቀሳቅስ ድረስ እጄን ከጠረጴዛው በታች አድርጌ ጠበቅኩ።